አይሆንም የሚል አንድ ሰው

ጅማ፣ በቾ ቦሬ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይሄን ፖስታ የከፈትከው ሰውዬ፣ አዎ፣ አንተን ነው የምልህ። ጠሃ ካልሆንክ እዚህች ላይ አቁም። እንደነበረው እጠፈውና መልሰህ አሽገው። ሙሐዲን ከሆንክ ደግሞ፣ ሚኒባስ ንዳ ነው የተባልከው እንጂ የሰው ሚስት ደብዳቤ አንብብ አልተባልክም። ከጅማ የቡ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ እሷን ታገስና ዓይንህን መንገዱ ላይ አድርግ።

እሺ። አሁን ጠሃ ብቻ ነህ ብዬ ልቀጥል።

አሰላሙ አለይኩም ጠሃ። እንዴት ነህ? ወንድምህ እንዴት ነው፣ ጉልበትህስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። አቮካዶውም ደህና ነው። ከዚህ በላይ ሰላምታ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ ክርክር እንጂ ሰላምታ አልነበረም።

ለምን አልደወልሽም እንዳትለኝ። ስደውል "ኔትወርክ የለም፣ አይሰማም" ብለህ ትዘጋዋለህ። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬህ ስኖር ጆሮህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ወረቀት አይዘጋም። ብትቀደው እንኳ እጅህ ይነካዋል።

ካፖርቴን ላኪ ብለሃል፣ ይኸው ልኬያለሁ። "ገንዳው አሁንም አለ ወይ" ብለህ በሙሐዲን አፍ ላስጠየቅከኝ፣ አዎ፣ አለ። ደጃችን ላይ እንደ አማች ተገትሯል።

አንተም እዚያው ስብሰባ ላይ ነበርክ። ግን እንዴት እንደሰማኸኝ እስከዛሬ ስላልነገርከኝ፣ እንዴት እንደተናገርኩ እኔ ልንገርህ። ጥቅምት ላይ ነው የጠሩን። የልማት መግለጫ ነው ተባለ። ያ ከሆሳዕና የመጣው ልጅ፣ የጽዳትና የአረንጓዴ ባለሙያው ቃለሕይወት፣ ወረቀቱን ይዞ ተነሳና ሜዳው መናፈሻ ይሆናል አለን። ዛፍ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ዥዋዥዌ። ሁላችንም ደስ አለን። ቀጠለና ሜዳው ላይ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ግን ሌላ ቦታ ይፈልጋል፣ መኪናው ሊጠጋው የሚችል ሰፊ ደጅ ያለው ማነው ብሎ ጠየቀ። ያኔ ያ ሁሉ ሰው ጫማውን ማየት ጀመረ። አንዳንዱ ጫማ ያደረገ መሆኑን ያን ቀን ያወቀ ነው የሚመስለው።

ደሜ ፈላ። ተነሳሁና "ማንም ካልፈለገው ከእኔ ደጅ አድርጉት፤ ከጠሃ መቀመጫ አጠገብ ይሁን" አልኩ።

እንዲያፍሩ ነው። እንዲህ የሚባለው እንዲወሰድ ነው እንዴ? ምሳ ላይ ሆነህ ሰው ሲያልፍ "እንብላ" ትላለህ። ሰውየው "ብሉ፣ ይባርክላችሁ" ይልና ያልፋል። እጁን ታጥቦ የሚቀመጥ አለ? እኔ "ከእኔ ደጅ" ስል፣ ሰው ደግሞ "ኧረ አይሆንም፣ እንዴት ተደርጎ፣ ጠሃ የሚሠራበት ቦታ" ይላል፤ ከዚያ ሁሉም ያፍርና እውነተኛው ንግግር ይጀመራል። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ይሄ አይነገረውም። ቃለሕይወት ግን እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ጻፈው።

በሳምንቱ ገንዳው መጣ። አንተ ጃንጥላ የምትጠግንባት ድንጋይ ላይ ጥላው አረፈ። በማግስቱ "የወንድሜ ቡና ለቀማ ደርሷል" ብለህ ሄድክ። ለቀማው አልቋል እኮ ጠሃ። የየቡ ቡና ደርቆ እዚህ ገበያ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ቡናው መጣ። አንተስ?

ነጅላ

የቡ
ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነጅላ፣ ወአለይኩሙ ሰላም።

ካፖርቱ ደርሶኛል። ኪሱ ውስጥ የከተትሽውን ዝንጅብልም አገኘሁት፤ ደብዳቤው ላይ ስለሱ ምንም አልጻፍሽም። ሳል የለብኝም። ትንሽ ነው ያለብኝ።

ስልኩን ስለምዘጋብሽ አፉ በዪኝ። ኔትወርኩ እውነት ነው፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። በስልክ ስትናገሪ እኔ ገና አንዱን ሳስብ አንቺ አራተኛው ላይ ትደርሻለሽ። ይሄ ወረቀት ጥሩ ነው፣ ይጠብቀኛል።

የት እንደምቀመጥ ነው ያስጠየቅሽኝ። ወንድሜ በረንዳ አለው፣ እዚያ እቀመጣለሁ። የተሰጣ ቡና አገላብጣለሁ። በረንዳው ጥሩ ነው፤ ከተማው ዳር ስለሆነ ግን መንገደኛ አያልፍበትም። ዶሮ ነው የሚያልፈው። ዶሮ ሰላምታ አይመልስም።

ከአልጋው ጀርባ አሥራ አንድ ጃንጥላ አለ። ማሎ፣ እባክሽ፣ ለባለቤቶቹ ስጪልኝ። ጥቁሩ፣ እጀታው የዳክዬ አንገት የሚመስለው የሣህሉ ነው፣ አልቋል። ሰማያዊው የኩመራ ነው፣ ሁለት ሽቦ ይቀረዋል፣ ግን ለቀላል ዝናብ ይሆናል። ሌሎቹን ጨርቁን አይተሽ ታውቂያቸዋለሽ። ዝናቡ ሳይመጣ እጃቸው ይግባ።

መቼ ነው የምትመጣው ላልሽው፣ ወንድሜ እርዳታ ይፈልጋል። ለጊዜው ይሄን መልስ ያዢልኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰፈር ውስጥ ስለ እኔ የጠየቀ ሰው አለ? እንዲሁ ነው። አለ ብትዪኝ ደስ ይለኛል። የለም ብትዪኝም ምንም አይደል።

ጠሃ

ጅማ፣ በቾ ቦሬ
የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ጠሃ።

ማን ጠየቀኝ ትላለህ? ሁሉም። ሣህሉ ይጠይቃል፣ ኩመራ ይጠይቃል፣ ከታች ያሉት ሴቶች ይጠይቃሉ። መልስ ሰጥቼ አልጨርስም። እሱን ተወውና ዜና ልንገርህ።

ሜዳው በቆርቆሮ ታጥሯል። በቀዳዳው ገብቼ አየሁ። ግራቪሊያ ተክለዋል፣ ዘንባባ ተክለዋል፣ አግዳሚዎቹን አረንጓዴ ቀብተዋቸዋል። በየሁለት ሳምንቱ ሰሌዳው ላይ መግለጫ ይለጥፋሉ፣ ይሄን ያህል ተሠራ፣ ይሄን ያህል ቀረ እያሉ። ያምራል፣ አልዋሽም። የእኛ ደጅ ግን መግለጫ የለውም። መኪናው ማክሰኞና ቅዳሜ ይመጣል። የቀረ ቀን ገንዳው አፉ ድረስ ይሞላና ውሻ ይጎትተዋል። ትናንት ድንጋይህ ላይ ቁራ ተቀምጦ አገኘሁት፤ በጫማዬ ወረወርኩት። ጫማዬ ገንዳው ውስጥ ገባ። ሳቅ፣ ብትስቅ አልቀየምህም።

ዝም ብዬ እንዳልተቀመጥኩ እወቅልኝ። ገንዳው ይነሳልኝ ብዬ ቃለሕይወት ዘንድ ሄድኩ። ወንበር ሰጠኝ፣ ልጁ ጨዋ ነው፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ። "እትዬ፣ በሕዝብ ፊት የሰጡት እርስዎ ነዎት እኮ" አለኝ።

"እናንተ አገር እንብላ ሲባል ይበላል?" አልኩት።

ትንሽ አሰበና "አዎ፣ ይበላል" አለኝ።

ሳቄ መጣ፣ ግን አልሳቅኩለትም። ቃለ ጉባኤውን አውጥቶ አነበበልኝ። "ወይዘሮ ነጅላ ደጃቸውን በፈቃዳቸው ሰጥተዋል፤ ቤቱም በጭብጨባ ተቀብሎታል" ይላል። ሕዝብ የተቀበለውን ሕዝብ ነው የሚመልሰው፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ይነሱና አልሰጥም ይበሉ አለኝ።

እኔ? ነጅላ ቃሏን አጠፈች ሊሉኝ? ይሄን ከአፌ ከሚሰሙ የገንዳው ሽታ ይሻለኛል ብዬ ወጣሁ።

ረመዷን ሊገባ ነው። ልጃችን ጊፍቲ ከባሏ ቤት ደውላ "አባዬስ?" ስትለኝ ቡና ለቀማ ሄዷል እላታለሁ። ልጅቱ ቂል አይደለችም፣ በየካቲት ማን ቡና ይለቅማል? ከፈለግክ ገንዳውን በጣሳ በጣሳ ልጭነውና ራሴ ልውሰደው። ሽታው ከሆነ ያባረረህ ንገረኝ። ሌላ ከሆነም ንገረኝ።

ነጅላ

የቡ
የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነጅላ፣ ወአለይኩሙ ሰላም። ረመዷን ከሪም። ጾሙ ቀሎኛል፣ የወንድሜ ሚስት ሾርባዋ ጥሩ ነው። እንደ አንቺ ቃሪያ አታበዛበትም፤ ቃሪያው ይናፍቀኛል።

ሽታው አይደለም። እኔ እንኳን ገንዳ አጠገብ፣ ሬሳ አጠገብም ሠርቻለሁ። አንቺም አይደለሽም። ይሄን ቀድሜ ልጻፈው ብዬ ነው፤ ሌላውን ስታነቢ ደምሽ እንዳይፈላ።

ያን ቀን ስትነሺ ምን እንደምትዪ አውቄያለሁ። "ከእኔ ደጅ" ስትዪ አልደነገጥኩም። እንዲያውም በሆዴ ሳቅኩ። አሁን አንዱ ተነስቶ "አይሆንም፣ የጠሃ ደጅ እንዴት ይሆናል" ይላል ብዬ መልሴን አዘጋጀሁ። "ኧረ ግድ የለም፣ ምን ችግር አለው" ልል ነበር። ፊቴንም አስተካከልኩ። ሰው ሲያከብርሽ ማፈር አለብሽ አይደል፣ እንደሱ አድርጌ አቀረቀርኩ።

አቀርቅሬ ጠበቅኩ።

የሰማሁት ጭብጨባ ነው። ቀና ስል የሣህሉን እጅ አየሁት። የእናቱ ቀብር ዕለት ያ ዝናብ ሲወርድ፣ ሣጥኑ ላይ ጃንጥላ ይዤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄጃለሁ። የኩመራን እጅ አየሁት። ጎርፉ ቤቱ የገባ ጊዜ እሱና እኔ ነን ቦዩን የቆፈርነው። ያ እጅ ነው ያጨበጨበው። ክፉ ሰዎች አይደሉም ነጅላ። ገንዳው ከእነሱ ደጅ በመቅረቱ ደስ ብሏቸው ነው። እኔን ረሱኝ እንጂ አልጠሉኝም። መረሳት ግን ከመጠላት ይከብዳል ለካ።

ከዚያ በኋላ ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ ሲያልፉ ሰላም ማለት አቃተኝ። ለዚህ ነው የመጣሁት። ቡና ለቀማው ሰበብ ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሁሉም ይጠይቃሉ ብለሽ ጽፈሻል። ደስ ብሎኛል። ግን አንቺ ስትዋሺ ስም ታበዣለሽ።

ጠሃ

ጅማ፣ በቾ ቦሬ
መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጠሃ፣ አሰላሙ አለይኩም።

ደብዳቤህን ሦስት ቀን ይዤው ዞርኩ። ጎረቤት "ምን ሆነሻል፣ ዝም አልሽ" እያለ ፈራ።

ዋሸሁህ። ማንም አልጠየቀም። ጃንጥላዎቹንም አልሰጠሁም። ሊወስዱ ሲመጡ ጠሃስ ይላሉ ብዬ ነው ያስቀመጥኳቸው። ይመጣሉ። በሩ ላይ ይቆሙና "ጃንጥላዬ አላለቀም?" ይላሉ። ገና ነው እላቸዋለሁ። "እሺ" ይሉና አፍንጫቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ስለ ጃንጥላው እንጂ ስለ ጠጋኙ አይጠይቁም። ለአንተ እንዴት አድርጌ ልጻፈው ይሄን?

ሌላም አለ። እኔም አላልኩም። ጭብጨባው ሲመጣ "ቆይ፣ ቆይ፣ ጠሃ የሚሠራበት ቦታ ነው" ማለት እችል ነበር። አፌ እኔ ዘንድ ነው ያለው፣ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ያን ጊዜ ግን ሁሉም እኔን ነበር የሚያየው። ወላሂ፣ አንዲት ደቂቃ ደስ አለኝ። ተቀምጬ ነጠላዬን አስተካከልኩ። አንተ አጠገቤ አቀርቅረህ ነበር፣ ያፈርክ መስሎኝ በክርኔ ጎሸምኩህ። አፉ በለኝ። ከእነሱ በፊት እኔ ነኝ ማለት የነበረብኝ።

አሁን ደግሞ ስማ ጉዱን። መናፈሻው መጋቢት 27፣ ቅዳሜ ይመረቃል። ቃለሕይወት ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ በአርአያ ነዋሪነት ተመርጠዋል፣ የምስክር ወረቀት አለዎት፣ መድረክ ላይ ሁለት ደቂቃ ይናገራሉ አለኝ። ገንዳውን ተደግፎ ነው የሚነግረኝ። የምሥራች ነው ብሎ ስላመነ ፊቱ በርቷል። ስለ አንተ ነገርኩት፤ "እኔ እኮ እውነት መስሎኝ ነው የጻፍኩት" አለ። ዓይኑ ውሃ ሞላ። እሱን ይቅር አልኩት ጠሃ። ያልገባው እሱ ነው፤ እኛ ግን ገብቶናል።

ካዘዝከኝ መድረኩ ላይ አልሰጥም እላለሁ። ቃሌን አጥፋለሁ። ይሄን ለማን ብዬ ጽፌው አውቃለሁ? ለዒድ ና። ማፍጠሪያ ሲደርስ እስካሁን ሁለት ብርጭቆ ነው የማወጣው፤ አንዱን መልሼ አስገባዋለሁ። ሽሮው በቃሪያ ነው።

ነጅላ

የቡ
መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነጅላ፣ ወአለይኩሙ ሰላም።

ቃልሽን አታጥፊ። ገንዳው ይቁም። ቆሻሻ የሌለው ቤት የለም፣ የሆነ ሰው ደጅ መቆም አለበት። ድንጋዬን ወደ አቮካዶው ሥር ትንሽ ማስጠጋት ይቻላል፣ ለክቼዋለሁ። ከመሄዴ በፊት ነው የለካሁት።

አፉ ብያለሁ። የጎሸምሽኝ ቦታ ሁለት ቀን አሞኝ ነበር፣ እሱንም አፉ ብያለሁ።

ለዒድ አልመጣም። ለዒድ ከመጣሁ ሁሉም "እንኳን አደረሰህ" ብሎኝ ያልፋል፣ ነገሩም እንዲሁ ይቀራል። ቅዳሜ ለምረቃው በሙሐዲን መኪና እመጣለሁ። ከአጥሩ ውጭ እቆማለሁ፣ አትጥሪኝ። ከዚያ ወደየት እንደምሄድ ያኔ አውቃለሁ። የምፈልገውን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ጽፎ አይለምንም።

ጠሃ

ለሰፈራችን ሰዎች በሙሉ
ግልባጭ፦ ለጠሃ፣ የቡ
መጋቢት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይሄን ሰሌዳ ውሃ መቼ ይመጣል ብለህ ለማየት የቆምከው፣ አዎ፣ አንተ። አንቺም ዘንቢልሽን አስቀምጪና አንብቢ። የውሃው ማስታወቂያ ከስሬ ነው፣ አልሸፈንኩትም።

ነጅላ ነኝ፣ የገንዳዋ። አፏን የምታውቁት። ከመግለጫው ጎን እንድለጥፍ ቃለሕይወት ፈቅዶልኛል።

ጠሃ ከጥቅምት ጀምሮ ቤቱ የለም። አምስት ወር አለፈው። ማንም አልጠየቀኝም። ዝናብ ሲጀምር ግን ጃንጥላዬ አላለቀም ወይ እያላችሁ መጥታችኋል። ጃንጥላችሁ አልቋል፤ የኩመራ ብቻ ሁለት ሽቦ ይቀረዋል። አሥራ አንዱንም ቅዳሜ ይዣቸው እመጣለሁ፣ መልስ ብትሰጡኝም ባትሰጡኝም ትወስዳላችሁ። የጠሃ ሥራ ነውና መያዣ አላደርገውም።

ሣህሉ፣ የእናትህ ሣጥን ያን ዕለት ያልረጠበው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ኩመራ፣ ቦዩ በማን ዶማ እንደተቆፈረ ታውቃለህ። ሌሎቻችሁን ስም አልጠራም፣ የየራሳችሁን ታውቃላችሁ። ጥቅምት ላይ እኔ ደጄን ስሰጥ ጠሃ አቀርቅሮ አንድ ቃል ጠበቀ። ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ከእናታችን ጡት ጋር የጠጣነው ነው። አንድም ሰው አላለውም። አጨበጨባችሁ። እኔም ሚስቱ አላልኩትም፤ በእናንተ ፊት የማምነው ይሄን ነው። ከሁላችሁ የባሰ የእኔ ነው።

ገንዳውን አንሱልኝ አላልኩም። ሰጥቻለሁ፣ እዚያው ይቆማል። የምስክር ወረቀቱንም ለፈለገ ስጡት። የቀረው አንድ ቃል ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማይኩን ይሰጡኛል። ጥቅምት ላይ ያልኩትን አንድም ሳልቀንስ እደግመዋለሁ። "ማንም ካልፈለገው ከእኔ ደጅ አድርጉት፤ ከጠሃ መቀመጫ አጠገብ ይሁን" እላለሁ። ከዚያ ዝም እላለሁ። እኔ ዝም ስል አይታችሁ አታውቁም፣ ያን ቀን ታያላችሁ።

እጃችሁን ከኪሳችሁ እንዳታወጡ። ጫማችሁንም አትዩ። ጠሃ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይሆናል፣ "ኧረ ግድ የለም" የሚለውን መልሱን እስከዛሬ በአፉ ይዞት ነው ያለው። የሚመልስለት አጥቶ እንጂ መልስ አላጣም። አንዳችሁ ተነሱ። በአማርኛም ይሁን፣ በአፋን ኦሮሞም ይሁን፣ "አይሆንም" በሉ፣ "ሂንተኡ" በሉ፣ አጥሩን አልፎ እንዲሰማ አድርጋችሁ በሉት።

ማነው የሚነሳው? በሰው ሁሉ ፊት መልሱልኝ።

ነጅላ